ሳይቀዘቅዝ ይድረስ

በአባቴ ዳቦ ቤት አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበር። ሳይበስል የወጣ ዳቦ ወደ ምድጃ የሚመለሰው ትኩስ እንዳለ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ቢመልሱት ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ለሰውም ለዶሮም አይሆንም። ይህን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ስለዚህ ወንድሜ የተወለደ ዕለት ትልልቆቹ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ስሰማ፣ ማንም ሳያስረዳኝ ነገሩ ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ዛሬ እኔ ራሴ አያት ነኝ። ይህን የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ያ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁና ፊደሌ ቢወላገድ አይፈረድብኝ። ከበሩ ወዲያ የልጅ ልጄ አለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የወንድሜን ልናገር።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የማታው ዳቦ ምድጃ ገብቶ መቅላት ጀምሯል። እኔ ከምድጃው አፍ ፈንጠር ብዬ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ቦታዬ እዚያ ነበር። አፍንጫዬ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ዳቦ ሊያር ሲል ከማንም በፊት ይሸተኛል። የምድጃው የግራ ጥግ ጨካኝ ነበር፤ እዚያ የተቀመጠ የዳቦ ትሪ፣ ፓትራ የምንለው፣ ቶሎ ካላዞሩት ይከስላል። አባቴ ለደንበኞቹ «ሰዓት አልገዛሁም፣ አፍንጫ ወልጃለሁ» ይላቸው ነበር። ኩራቴ አይጣል ነው። ጭንቀቴ ግን ከኩራቴ ይብስ ነበር። ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ የምመጣው፣ እኔ በሌለሁበት አንድ ፓትራ አሮ እንደሆነስ ብዬ ነው። አክስቴ «ጭንቄ» ብላ ያወጣችልኝም ለዚሁ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሴት ነበረች። የዚያን ዕለት ግን ያለ ሳቋ ገባች።

«ተገላገለች» አለች።

አባቴ እጁን ከሊጡ ሳያወጣ ቀና አለ። «ገና እኮ ነው።»

«ገና ነው። ወንድ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ነው የወጣው፤ ከመዳፌ ብዙም አይተርፍ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ትንፋሽም ድምፅም አለው፣ ግን ከቀዘቀዘብን አለቀ ነው የምትለው። ሳይቀዘቅዝ ትልቁ ሆስፒታል መድረስ አለበት።»

«እዚያ ምን ያደርጉለታል?»

«የመስታወት ሣጥን አላቸው። ሙቀቱን እያስተካከሉ እዚያ ውስጥ ያስገቡታል፤ እስኪጠነክር።»

ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወንድሜ ሳይበስል ወጥቷል። ሊመልሱት ነው። የሚመለስበት ምድጃ ያለው ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ፣ ትልቁ ከተማ ነው።

«አምቡላንሷስ?» አለ አባቴ።

«ሌላ ወላድ ልታመጣ ሄዳለች፤ መቼ እንደምትመለስ እንጃ። ብትመጣስ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ አይደለች። ሲስተርም ሙቅ መኪና ካላገኛችሁልኝ ከዚህ አላንቀሳቅሰውም ብላለች።»

«እሷስ?» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እናቴን ማለቱ ነው።

አክስቴ ወደ እኔ አየችና ድምፅዋን ለወጠች። «እሷማ ደክሟት ተኝታለች። ሐኪሙ አጠገቧ ነው።»

በእናቴ ተናደድሁ። ዳቦ ምድጃ ውስጥ እያለ በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ሰው በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ደሟ አልቆም ብሎ ሐኪሙ እየታገለ እንደነበር የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ። አንድ ጣት፣ ከዚያ ሌላ ጣት። «ሁለቱን፣ እጄን አጣጥፌ ሸኘሁ» አለ። «ይሄን አልሸኝም።»

የትኞቹን ሁለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኔ በፊት አንድ፣ ከእኔ በኋላ አንድ ልጅ ነበሩን። «ሳይቆዩ ሄዱ» ነው የሚባለው። እኔም ሌላ ቤት ሄደው የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ላይ የማላውቀው ልጅ ባየሁ ቁጥር አፍንጫው የእናቴን ይመስል እንደሆነ ዞሬ አያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ ምድጃውን አየ። ከዚያ በክፍቱ በር ወደ ዳቦ መኪናችን አየ። ጀርባዋ ሣጥን የመሰለ፣ በቀኝ መብራቷ ፋንታ ጨርቅ የተወተፈባት አሮጌ መኪና ናት።

«ሲስተር ምን ያህል ሙቀት ነው የምትፈልገው?» አለ።

«እኔ ምኑን አውቄው። እንደ ሰው ገላ ነው ያለችው።»

«እሱማ አለን» አለ አባቴ፤ የምድጃውን በር ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዓይኔ አላመነውም። ትኩስ ዳቦ አይደራረብም። ተነጥሎ መደርደሪያ ላይ ካልተነፈሰ ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይልማል፣ በማግስቱ ይሻግታል። አባቴ ሰው ትኩስ ዳቦ ሲደራርብ ካየ እንደተሰደበ ያህል ነበር የሚቆጣው። አሁን ግን ራሱ ከምድጃ የወጣውን በረጅሙ አካፋ እየዛቀ መኪናዋ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ይከምረዋል፤ መሐል ላይ ሰው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ብቻ ተወ። ከላይ ጆንያ ደረበበት።

«አባባ፣ ያልበዋል» አልሁት ቀስ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማበት።

«ያልበው።»

«ማንም አይገዛውም።»

«አይሸጥማ።»

የማይሸጥ ዳቦ ለምን ይጫናል? ትልቁ ከተማ ያሉት ጋጋሪዎች ጉቦ የሚፈልጉ መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የእነዚያ ሰዎች ምድጃ የግራ ጥግ እንደኛው ቢሆንስ? ወንድሜን እዚያ ጥግ አስቀምጠው ወሬ ቢጀምሩስ?

«እኔም እሄዳለሁ» አልሁ። «ማን ያሸትለታል?»

አባቴና አክስቴ ተያዩ። «ትምጣ» አለ አባቴ። ለአፍንጫዬ ክብር የወሰዱኝ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረችኝ፣ የወሰዱኝ ምናልባት ስንመለስ እናቴ ባትኖር፣ ነገሩ ሲሆን ቆሜ እንዳላይ ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወንድሜን አየሁት። አክስቴ ከወገቧ በላይ ልብሷን አውልቃ፣ ደረቷ ላይ አስተኝታው፣ በነጠላ ላይ ነጠላ ጠቅልለዋታል። ሲስተር ጠርዙን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ቆዳው ስስ ወረቀት ነው፤ ከሥሩ ክር የመሰሉ ሥሮች ይታያሉ። ራሱ ላይ የአባቴን ካልሲ ቆርጠው አጥልቀውለታል።

«ካልሲው ታጥቧል አይደል?» አለች አክስቴ። «ልጁ ከብርዱ ቢተርፍ በሽታው እንዳይገድለው።»

«ታጥቧል» አለ አባቴ ተቆጥቶ።

«እንግዲህ ችኩሌ፣ ጉድህን እንይ» አለች ወደ ደረቷ ጎንበስ ብላ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም? ወራት ተርፎህ ምን አስሮጠህ?»

ስሙም ችኩሌ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ቀልድ ውስጥ አልነበርሁም። እውነትም ሳይበስል ነው የወጣው።

መኪናዋ ውስጥ ገባን። ሙቀቱ ፊቴን እንደ እጅ ዳበሰኝ። ዙሪያችን ዳቦ፣ የጀርባው መስኮት ሁሉ ላብ። አክስቴ ዳቦውን ተደግፋ ተቀመጠች፣ ሲስተር ከጎኗ፣ እኔ ከጉልበቷ ሥር። ሲስተር አጭር ቀጭን ሴት ናት። አንድ እጇ የልጁን አገጭ ቀና አድርጎ ይዟል፣ ሌላው በትንሽ ቱቦ ከአፍንጫው ፈሳሽ ይስባል። ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋት ነበር።

«ጭንቄ የሚሉሽ አንቺን ነው?»

«አዎ።»

«ጥሩ። የምፈልገው የሚጨነቅ ሰው ነው። ደረቱን ተመልከቺ። ከፍ ዝቅ ሲል ተይው። ዝም ሲል ውስጥ እግሩን ኮርኩሪው። ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

እግሩ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። መኪናዋ ገና ከሰፈር ሳትወጣ ደረቱ ዝም አለ። ኮረኮርሁት። እግሩን ሳብ አድርጎ ፊቱን አኮማተረ፣ ደረቱም ከፍ አለ።

«ተቆጣ» አለች አክስቴ። «የአባቱ ልጅ።»

እንቅልፋም ነው አልሁ በልቤ፣ እንደ እናቱ። መንገዱን ሙሉ እንደዚያ ሄድን። ዝም ይላል፣ እኮረኩረዋለሁ፣ ይቆጣል። «አትተኛ፣ ገና አልደረስንም» እለዋለሁ። ጨዋታው ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ ብኮረኩረው፣ ብኮረኩረው እንቢ አለ፤ የከንፈሩ ቀለም ተለወጠ። ሲስተር «በርቺ፣ በጥፍርሽ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደርቆ ነበር። በጥፍሬ ጫርሁት። ሲጢጥ የምትል ድምፅ አወጣ። አክስቴ ዓይኖቿን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ እኔ ጨዋታውን በማሸነፌ ፈገግ አልሁ።

እንቅልፍ አልነበረም። ያለ ጊዜያቸው የሚመጡ ልጆች ትንፋሽ ገና አልለመዱትም፤ ይረሱታል። ይህን ሲነግሩኝ ትልቅ ሴት ነበርሁ፣ ቆሜ ዕቃ ሳጥብ። የማጥበውን ትቼ ተቀመጥሁ።

ወንዙ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። ድልድዩ እየተጠገነ ነበርና በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚተላለፉት። ከፊታችን ረጅም ሰልፍ አለ፤ መጨረሻ ላይ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰውዬ። ዳቦው መብረድ ጀመረ፤ እኔ በአፍንጫዬ አወቅሁት፣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሲሄድ የጆንያው ሽታ ይመጣል። አባቴ ወርዶ ባለ ጨርቁን ሲለማመጠው ሰማን።

«ወንድሜ፣ እባክህ ቸኩያለሁ።»

«ሁሉም ቸኩሏል፣ ጋሼ። ያልቸኮለ ሰው መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም። ዳቦህ አይሸሽም።»

አክስቴ የጀርባውን በር በእግሯ ገፋችው። «ና እስቲ ወዲህ፣ ባለ ጨርቁ» ብላ ተጣራች። «ከሁላችሁም የቸኮለ እዚህ አለ።»

ሰውዬው እየተጀነነ መጣ። አክስቴ ጠርዙን ገለጥ አደረገች። ካልሲውን አየ፤ ከካልሲው በታች ያለውን አየ። ዞሮ ሮጠ። ከወዲያ ማዶ የሚመጡትን ሁሉ እየጮኸ አቆመ፤ አንዱ ባለ ጭነት መኪና አልመለስም ቢለው በጨርቁ አፍንጫውን መታው። ድልድዩን ብቻችንን ተሻገርን። አክስቴ በር ሲዘጋ አንድ ዳቦ ወረወረችለት። እኔ ሰውዬው የሮጠው ዳቦ እንደሚሰጠው አውቆ መስሎኝ ነበር።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አቆመን። «የዳቦ መኪና በዚህ አይገባም። በጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ነው።»

አባቴ ሊከራከር ሲል ሲስተር የመኪናውን ግድግዳ ከውስጥ ደበደበች። «በጓሮ ንዳው። በዚህ ከገባን ካርድ ማውጫው ሰልፍ ላይ ያስቀሩናል። እዚህ ነው የተማርሁት፤ ሙቀት ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ደረጃ በላይ ነው።»

የወጥ ቤቱ በር ላይ ግዙፍ ምግብ አብሳይ ጭልፋ ይዞ ወጣ። «ዛሬ ዳቦ አላዘዝንም።»

«እኛም አልሸጥንም» አለች አክስቴ ደረቷን አቅፋ ስትወርድ። «ይልቅ መንገድ ልቀቅ፣ ሙቀት ክፍል ነን።»

ሰውዬው አንድ ጊዜ አየና ጭልፋውን እንደያዘ ከፊታችን ደረጃውን ወጣ። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። የፈላ ድስት ተሸክሞ ሲሄድ እንደሚጮኸው ጮኸ፦ «ገለል በሉ፣ ትኩስ ነው፣ ትኩስ ነው።» ሰው ሁሉ ልብሱን እየሰበሰበ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አክስቴ በባዶ እግሯ፣ ሲስተር ቱቦዋን ይዛ፣ አባቴ ከእነ ዱቄቱ፣ እኔም የልጁን እግር መኮርኮር ደረጃው ላይ ብቻ አቋርጬ ተከተልነው።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። የመስታወት ሣጥኖች በተርታ ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ከወንድሜ የማይሻሉ ልጆች። አንዱ ሣጥን ላይ ሰማያዊ መብራት በርቷል። መነጽር ያደረገች ዶክተር መጥታ ወንድሜን ከአክስቴ ደረት ሳታነሳ ብብቱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ከተተች። አወጣችና አየችው። እንደገና ከተተችው።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከወንዙ ማዶ» አለች ሲስተር።

«ከዚያ ድረስ እንዲህ ሞቆ? በምን?»

«በዳቦ» አለ አባቴ።

ዶክተሯ አባቴን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ልጁ በደንብ ነው የመጣው። ግን ሣጥኖቼ በሙሉ ተይዘዋል። አንድም ባዶ የለኝም።»

አባቴ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። ዱቄት ብን አለ። እኔ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ምድጃው ሞልቷል። ምድጃ ሲሞላ ደግሞ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የደረሰውን ቀድሞ ማውጣት ነው» አልሁ።

የሰማኝ አልነበረም። ነገር ግን ጥግ ላይ፣ አንዱን ሣጥን ተደግፋ የተቀመጠች እናት ቀና አለች። ፀጉሯ ሳይበጠር ስንት ቀን እንደሆነው እንጃ።

«ዶክተር፣ ልጅሽ ነገ ትወጣለች አላሉኝም?»

«ነገ ነው ያልሁሽ።»

«ነገና ዛሬን ምን ለያቸው። ደረቴ ሙቅ ነው፣ ያቺን ሴትዮ አያለሁ፣ እንደሷ አቅፋታለሁ። ትውጣለት።»

«አልጋ ላይ አታስቀምጪያትም። ቀንም ሌሊትም ደረትሽ ላይ ነው።»

«ሌላ ሥራ ያለኝ ይመስል» አለች ሴትዮዋ፤ የሸሚዟን ቁልፍ መፍታት ጀምራ ነበር።

ዶክተሯ ሕፃኗን መረመረች፣ አዳመጠች፣ አሰበች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። አንዷ ወጣች፣ አንዱ ገባ። ሴትዮዋ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኛ ዞራ ሳቀች፤ ከጥርሷ አንዱ የለም። ዛሬም ከሰው ሁሉ መሐል ባያት አውቃታለሁ።

መስታወቱ ሲዘጋ ጭንቀቴ ገነፈለ። አፍንጫዬን ሣጥኑ ላይ ለጥፌ ማሽተት ጀመርሁ፤ በተለይ የግራ ጥጉን።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች ዶክተሯ።

«የዳቦ ቤት ልጅ ናት» አለች አክስቴ። «ወንድሟ እንዳያርባት ነው።»

ዶክተሯ ተንበርክካ አየችኝ። እጄን እስከ ክርኔ አስታጠበችኝ፣ አባቴ ሊጥ ሳይነካ እንደሚታጠበው። ከዚያ በሣጥኑ ጎን ባለው ክብ ቀዳዳ እጄን አስገባችው።

ሙቀቱን አወቅሁት። ከምድጃችን ጀርባ ጠባብ ክፍል ነበረችን፤ ሊጡ ተሸፍኖ ኩፍ የሚልባት። እዚያ በር አይጋጭም፣ ሰው አይጮኽም፣ አባቴም ስንት ደንበኛ ቢሰለፍ አይቸኩልም። ሙቀቱ የዚያች ክፍል ነበር።

«አባባ» አልሁ ጮክ ብዬ፣ «ይሄ ምድጃ አይደለም። የሊጥ ክፍላችን ነው። አይጋግሩትም፣ ገና ኩፍ እያለ ነው።»

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በአባባሌ የሳቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዶክተሯም አላረመችኝም። የአባቴን ክንድ ያዘች።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። ዶክተሯ ጤና ጣቢያችንን አስጠርታ ለአክስቴ አቀበለቻት። አክስቴ ሰማች፣ ሰማች፣ ከዚያ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሳቋ ያኔ መጣ። ዳቦ ቤት ስትገባ ቀርቶ የነበረው ያ ሳቅ ሙቀት ክፍሉን ሞላው፤ ነርሶቹ «እሽሽ» ቢሏትም አልሆነላቸውም።

«ደሟ ቆመ» አለችው አባቴን። «ተነስታ፣ ልጄን የት ወሰዳችሁት እያለች እየተጣላች ነው።»

እኔ ደግሞ፣ ይኸው ተኝታ ተነሳች፣ ምን ያስደንቃል፣ አልሁ።

ችኩሌ ወደ ቤት ሲመጣ ጉንጭ አውጥቶ፣ ካልሲው ጠቦት ነበር። ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ጥቂት ቆይቶ የጤና ጣቢያው ዘበኛ እየሮጠ ዳቦ ቤት መጣ። አባቴ «ማን ነው» እንኳ ሳይል ምድጃውን ከፈተ። ከዚያም ሌላ መጣ፣ ሌላም። የድልድዩ ሰዎች መኪናዋን ከሩቅ ሲያዩ ጨርቃቸውን ማውለብለብ ለመዱ። ምግብ አብሳዩም ሞተሯን ከሰማ ጭልፋውን ይዞ ደረጃው ሥር ይቆማል። ያልደረሱ ነበሩ። ስለነሱ አባቴ አያወራም፤ በእንዲያ ያለ ቀን ግን የሊጥ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። የደረሱት ግን ይበልጡ ነበር።

እነዚያ ልጆች ሮጠው መጣላት ከጀመሩ በኋላ፣ ሲስተርና አክስቴ እናቶቹን ሰብስበው የከተማችን የጤና ኃላፊ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው ጫጫታ ሰምቶ ሲወጣ ግቢው በልጅ ተሞልቷል። አንዱ አበባውን ይነቅላል፣ አንዷ የመኪናውን ጎማ ታስተነፍሳለች፣ ችኩሌ ዛፉ ላይ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ሰውዬው።

«ዳቦ ነው» አለችው አክስቴ። «እነዚህን እኛ በዳቦ አምጥተናቸዋል። ከእንግዲህ ያሉትን እናንተ አምጧቸው።»

ሰውዬው ዛፉ ላይ ያለውን ልጅ ቀና ብሎ አየው። በአንድ ቀን አለቀ አልልም፤ ብዙ ደጅ ጥናት ፈጅቷል፤ አክስቴ ሄዳ መመለስ ሥራዋ እስኪመስል ድረስ። ግን ለእኛም ሙቀት ክፍል ተሠራልን። እዚሁ፣ ዛሬ ሆስፒታል በሆነው ጤና ጣቢያችን ውስጥ፣ ከዳቦ ቤታችን ቢጣሩ በሚሰማበት ርቀት ላይ። የዳቦ መኪናዋ ከዚያ ወዲያ የያዘችው ዳቦ ብቻ ነው።

አሁን የተቀመጥሁት የዚያ ክፍል በር ላይ ነው። የልጄ ልጅ ወራት ቀድማ መጣች፣ እኔም ይኸው ከአግዳሚው አልተነሳሁም። ድልድይ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ልጇን አውጥታ ቦታ የምትለቅ እናት የለችም፤ ባዶ ሣጥን አይጠፋም። አላምንም። ሙቀቱን አስተካክለው ይሆን? የምሽቱ ነርስ ዓይኗ ደክሞ ይሆን?

ችኩሌ ገባ። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ለነርሶቹ ዳቦ ይዟል፣ ኮሪደሩ ሁሉ አወደ።

«ጭንቄ፣ ገና እዚህ ነሽ? ቤትሽ ሂጂና ተኚ።»

«አልተኛም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ተኝተሽ አታውቂም፣ ሌላውንም አታስተኚ» አለና ወደ ነርሷ ዞረ። «ምን እንደምታደርገኝ ታውቂያለሽ? ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አግብቼ፣ ሶፋዋ ላይ ሸለብ ካደረገኝ መጥታ እግሬን ትኮረኩራለች። ሚስቴ ምን እንደምትል አስቢው።»

«ምላስህ ሲረዝም» አልሁት። «በማን ጥፍር ተርፈህ ነው የምትናገረው።»

ነርሷ ሳቀችና ወደ ውስጥ ጠራችን። ልጅቷ ኦክስጅኗ ወጥቶላታል፣ ጠዋት ከሣጥኑ ወጥታ እናቷ ደረት ላይ ትሆናለች አለችን። እጄን ታጠብሁ፣ እስከ ክርኔ። በክቡ ቀዳዳ እጄን ከተትሁ። ሙቀቱ ያው ነው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች። ደረቷን አየሁት፤ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ተያት፣ በሰላም ትተኛ» አለኝ ወንድሜ በጆሮዬ። «እየተነፈሰች ነው፣ ማሽኑም እያየላት ነው።»

«ላረጋግጥ ብቻ።»

በአውራ ጣቴ ውስጥ እግሯን ነካ አደረግሁት። እግሯን ሰበሰበች፣ ፊቷን አኮማተረች፤ ከዚያም ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችኝ።